የባኽ ብራንደንበርግ ኮንቼርቶዎች፦ ከየትኛው የቆየ ቅጂ ልጀምር?

በሸክላ ዘመን ከተቀረጹት የብራንደንበርግ ኮንቼርቶዎች (የሙዚቃ ደራሲው ባኽ ለተለያዩ መሣሪያዎች ስብስብ የደረሳቸው ስድስት ሥራዎች) ቅጂዎች በየትኛው ልጀምር ብለው ለጠየቁት፣ ያለ ማመንታት የምመክርዎ አዶልፍ ቡሽ በ1935 እ.ኤ.አ. ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ ያስቀረጸውን ነው። ቡሽ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በአገሩ በጀርመን መጫወት ያቆመ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ባኽን አክብደው በሚጫወቱበት በዚያ ዘመን በጥቂት ተጫዋቾች መሥራቱ፣ አንዱ መሣሪያ ሌላውን ሳይውጠው ሁሉም ጥርት ብሎ እንዲሰማ አድርጓል። በአምስተኛው ኮንቼርቶ ዋሽንቱን የሚነፋው ማርሴል ሞይዝ ሲሆን፣ በሃርፕሲኮርድ (ከፒያኖ በፊት የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ፈንታ ፒያኖ የሚጫወተው ደግሞ የቡሽ አማች ሩዶልፍ ሰርኪን ነው። ፒያኖው ዛሬ እንግዳ ቢመስልም፣ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ አካባቢ ሌሎቹ ሁሉ ዝም ብለው ሰርኪን ብቻውን የሚቀርበትን ረጅም ቦታ በጥሞና ያዳምጡ፤ እኔ ዛሬም ትንፋሼን ይዤ ነው የምሰማው። የሸክላው አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም ስለማይበልጥ ሙዚቃው በየመሀሉ እየተቆረጠ ነበር የተቀረጸው፤ ስለዚህ ክፍሎቹ በጥንቃቄ የተገጣጠሙበትን፣ ሸክላው ሲጫወት ከሥር የሚሰማው የ‹ሽሽሽ› ድምፅም ከልክ በላይ ያልተቀነሰበትን እትም ይምረጡ፤ ይህን ድምፅ ፈጽሞ ለማጥፋት ሲሞከር የቫዮሊኖቹ ለዛ አብሮ ይጠፋልና።