ቡሾዎቹ መጡ! ስለ ሞሃች በዓል ጥያቄና መልስ

ሃንጋሪ ውስጥ ጭምብል አጥልቀው ክረምትን የሚያባርሩ፣ ቡሾ የሚባሉ ሰዎች አይቻለሁ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው በዛ። (ክረምት ስል የእነሱን ነው፣ የበረዶውን።) ሁለት ጊዜ ሄጃለሁና ልሞክር።

በዓሉ ምንድን ነው?
ሞሃች ደቡብ ሃንጋሪ፣ ዳኑብ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዓሉን ያቆዩት ሾካች የሚባሉት የክሮኤሺያ ዘሮች ናቸው። ከሐሙስ እስከ ማክሰኞ ስድስት ቀን ይጨፈራል፤ በማግስቱ የካቶሊኮች ጾም ይገባል። በቃ፣ ቅበላ በሉት። ዩኔስኮ በ2009 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል።

ቱርክን ያባረሩት በጭምብል ነው የሚባለውስ?
የከተማው ሰው እንደዚያ ይተርካል። ሕዝቡ ወደ ረግረጉ ሸሸ፣ አንድ ሌሊት ጭምብል አጥልቆ በጀልባ ተሻገረ፣ ቱርኮቹ ሰይጣን መስሏቸው እግሬ አውጪኝ አሉ። ደስ ይላል፤ እኔ ግን አልዋጠልኝም። ሾካቾቹ እዚያ የሰፈሩት በ17ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ፣ የቱርክ አገዛዝ ሲያከትም ነው።

ያስፈራሉ?
ከሩቅ አዎ። ጭምብሉ ከአኻያ እንጨት ተፈልፍሎ ቀንድ ይተከልበታል፤ ድሮ በከብት ደም ይቀባ ነበር። የበግ ለምዱን ጸጉሩን ወደ ውጭ ገልብጠው ይለብሳሉ። ሱሪው ውስጥ ገለባ ይጠቀጠቃል። ወገባቸው ላይ የከብት ቃጭል ስላለ፣ ከማየታችሁ በፊት ትሰሟቸዋላችሁ። እኔ ግን አልሰማሁም። አንዱ ከኋላዬ መጥቶ የእንጨት ማንቋቋቻውን ጆሮዬ ስር ሲያሽከረክረው ዘለልኩ። ዞር ስል በጭምብሉ ቀዳዳ ሁለት የሚስቁ ዓይኖች አየሁ። እርጥብ የበግ ቆዳና ፓሊንካ፣ ማለትም የፍራፍሬ አረቄያቸው፣ ይሸታል።

ሴት ብቻዬን ብሄድስ?
እህቴ፣ ሴት ማቀፍና ማሳደድ የጨዋታው አካል ነው፤ ቀድመሽ እወቂው። ካልተመቸሽ ከፊት ረድፍ አትቁሚ።

ምግብስ?
በሸክላ ማሰሮ የበሰለ ባቄላ አለ። የአሳማ ሥጋ ስለሚገባበት ጠይቃችሁ ብሉ። ፋንክ የሚሉት ደግሞ የእኛው ቦምቦሊኖ ነው፤ ለብርዱ መድኃኒት።

የትኛው ቀን ይሻላል?
እሁድ ቡሾዎቹ ዳኑብን በጀልባ ይሻገራሉ። ያምራል፣ ግን መፈናፈኛ የለም። እኔ ማክሰኞን እመርጣለሁ። ሲመሽ አደባባዩ ላይ ደመራ የሚያህል እሳት ይነድና ክረምት የተባለውን የሬሳ ሳጥን ያቃጥሉታል። ፊት ይለበልባል፣ ጀርባ ይበርዳል። ማደሪያ ቀድማችሁ ያዙ።

ታዲያ ብርዱ ይሄዳል?
ረቡዕ ጠዋት አውቶቡስ ስጠብቅ በረዶ ጣለ።