ጠይቁኝ፦ አንድ መስመር፣ ብዙ ኮምፒውተር

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ ጀምሬያለሁ። የስልክ መስመሩም ራውተሩም ሳሎን ነው ያሉት። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር በኬብል ስለተያያዘ ደህና ይሠራል። ልጆቼ የሚያጠኑት ግን ጓሮ ሰርቪስ ቤት ነው። እዚያ ያሉት አንድ ኮምፒውተርና አንድ ላፕቶፕ ዋይፋዩን አንዴ ያገኙታል፣ አንዴ ያጡታል። አንዱ ባለሙያ መጥቶ «ሌላ መስመር አስገባ» አለኝ። ሌላው «ሪፒተር ግዛ» አለኝ። ደግሞም 10 ሜጋ እየከፈልኩ ፋይል ሳወርድ ከ1 ሜጋ ብዙም አያልፍም። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ ቀላሏን ላስቀድም። አልተጭበረበሩም፣ አባቴ። የሚከፍሉት ለ10 ሜጋ ቢት ነው። ኮምፒውተሩ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 10ን ለ8 ያካፍሉት፣ 1.25 ይመጣል። መንገድ ላይ የሚባክን ስላለ ከ1 ትንሽ ከፍ ብሎ ካዩት መስመርዎ ጤነኛ ነው።

ሌላ መስመር አያስገቡ። ሪፒተሩንም ይተዉት። መስመር አንድ ቢሆንም ለብዙ ኮምፒውተር ይበቃል። ቤትዎ ከውጭ ሲታይ ያለው አድራሻ አንድ ነው። ራውተሩ ቤት ውስጥ ላሉት ኮምፒውተሮች የየራሳቸውን ቁጥር ያድልና ማን ምን እንደጠየቀ ይመዘግባል። መልሱ ሲመጣም ለጠየቀው ያደርሳል። እነዚያ 192.168 ብለው የሚጀምሩት ቁጥሮች ለቤትና ለቢሮ ውስጥ አገልግሎት ብቻ ተብለው የተለዩ ናቸው። ለዚህ ነው የእርስዎ ኮምፒውተርና የጎረቤትዎ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው የማይጋጩት። ሁለተኛ መስመር ቢያስገቡ ሁለተኛ ሂሳብ ይከፍላሉ እንጂ ዋይፋዩ ግድግዳ አይሻገርልዎትም።

ደብዳቤዎ ላይ በሳሎኑና በሰርቪስ ቤቱ መካከል ምን እንዳለ አልጻፉልኝም። የቆጪን ግቢዎች ግን አውቃቸዋለሁ። የሳሎኑ ግድግዳ አለ፣ ዕቃ ቤት አለ፣ ከዚያ በቆርቆሮ የተመታ ማድ ቤት አለ። የጭቃ ግድግዳ ዋይፋይን ያደክመዋል። ብሎኬት የባሰ ያደክመዋል። ቆርቆሮ ግን ከናካቴው መልሶ ይወረውረዋል። ሪፒተር ደግሞ ደክሞ የደረሰውን ነው ተቀብሎ የሚያቀብለው። ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ተራ በተራ እየሰሙ እየተናገሩ ስለሚሠሩ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ገንዘብዎ ነው፣ ግን አልመክርዎትም።

አንድ ብር ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ ላፕቶፑን ይዘው ራውተሩ አጠገብ ይቀመጡ። እዚያ በደንብ ከሠራ ጥፋቱ የዋይፋዩ ነው። እዚያም ከተንቀራፈፈ ጥፋቱ የመስመሩ ነውና 994 ይደውሉ። ሁለተኛ፣ ራውተሩ የት ነው ያለው? በየቤቱ ስገባ የማገኘው ቡፌ ውስጥ ነው፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉ እንዲያምር ነው፣ ይገባኛል። ራውተሩ ግን ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይቆራረጣል። አውጥተው ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ወደ ጓሮ በሚወስደው በር በኩል ያስቀምጡት። አንዳንድ ቤት ይሄ ብቻ በቂ ነው።

ካልበቃ መፍትሔው ኬብል ነው። ከሳሎኑ ራውተር ተነስቶ ሰርቪስ ቤት የሚደርስ አንድ የኔትወርክ ኬብል። እስከ 100 ሜትር ድረስ መሐል ላይ ምንም ዕቃ ሳይገባ ይሠራል። ካት 5ኢ የሚባለው ይበቃዎታል። ካት 6 ካገኙ ጥሩ፣ ካጡም አይቆጩ።

ሊገዙ መርካቶ ሲወጡ ግን ቢላ ይያዙ። አልቀለድኩም። የኬብሉን ጫፍ ያስልጡና ውስጡ ካሉት 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አንዱን በስለቱ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት። ተፍቆም ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ላዩ ቀላ ብሎ ሥሩ ነጭ ብልጭ ካለ ግን መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ካርቶኑም ላይ ያማረ ጽሑፍ አለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ግን ቀንጠስ ይላል፣ እርጥበት ሲነካውም ጫፉ ይበላል። ጅማ ውስጥ እርጥበት የማይነካው ምን አለ? ሻጩ ቢላውን ሲያይ ቅር ሊለው ይችላል። ይበለው።

ኬብሉ በኮርኒስ ላይ ቢያልፍ ይመረጣል። ውጭ ለውጭ የሚሄደውን ክፍል ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያስገቡት። የተለመደው የቤት ውስጥ ኬብል ልባሱ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ ዝናቡ ይገባል። ከመብራት ሽቦ ጋር አብረው አያስሩት። ቤት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሎ እንደገና ሽቅብ ይግባ። ውሃው ዝቅ ካለበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሽቦውን ተከትሎ ግድግዳዎ ውስጥ አይገባም።

ጫፉን የሚያስረው ሰው ሥራውን ካወቀ ጥሩ። ካላወቀ ይህን ያሳዩት፦ የመሰኪያዋን ምላስ ወደ ታች፣ ሽቦ የሚገባበትን አፍ ወደ ራሱ አድርጎ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። ሁለቱም ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት። እስከ 100 ሜጋ ቢት ድረስ የሚሠሩት 1ኛው፣ 2ኛው፣ 3ኛውና 6ኛው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቡኒው ቢበጠስ ለእርስዎ መስመር ምንም አይጎድልም፣ አረንጓዴው ቢበጠስ ግን ዋጋ የለውም።

ሰርቪስ ቤቱ ላይ ኬብሉን ምን ላይ ይሰኩታል? አሮጌ ራውተር። መሳቢያ ውስጥ የተጣለ ከሌለ ዘመድ ቤት አይጠፋም። የስልክ መስመር መቀበያው ቢበላሽም ግድ የለም፣ አንፈልገውም። መጀመሪያ ዋናው ራውተር ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና የሚያድላቸው ቁጥሮች መጨረሻቸው ከ100 እስከ 200 ባለው ውስጥ እንዲሆን ያድርጉ። ከዚያ አሮጌውን ለብቻው ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። የዋይፋይ ስሙንና ፓስዎርዱን ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉት። ቻናሉን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሬዲዮ መስመር፣ ይለዩት፦ ዋናው 1 ላይ ከሆነ አሮጌው 6 ወይም 11 ላይ። የራሱን አድራሻ 192.168.1.2 ያድርጉት፣ ዋናው 192.168.1.1 ነው ብዬ ነው። በመጨረሻ ዲኤችሲፒ የሚለውን፣ ማለትም ቁጥር አዳዩን፣ ያጥፉ። ይህን መጨረሻ ላይ ያልኩት በምክንያት ነው፤ ቀድመው ካጠፉት ኮምፒውተርዎ ቁጥር የሚሰጠው ያጣና ሴቲንጉ ውስጥ መመለስ ያስቸግርዎታል። ሳያጠፉ ከተዉት ደግሞ ሁለት ራውተር ቁጥር ያድላል፤ አንዱ ልጅ ኔት ያገኛል፣ ሌላው ተገናኝቷል እየተባለ አንድም ገጽ አይከፍትለትም።

ከሳሎን የመጣውን ኬብል ከአራቱ ተመሳሳይ ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ። ቀለሙ ለየት ያለው ቀዳዳ ላይ አይደለም። በቀሩት ቀዳዳዎች የልጆቹን ኮምፒውተር በኬብል ያያይዙ፣ ላፕቶፑ በዋይፋይ ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ማታ ማታ ብቻ የሚጎተት ከሆነ የልጆቹን ስልክ ይዩ። በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት የመላኪያ አቅሙ ከመቀበያው በጣም ያነሰ ነው። ስልካቸው ዋይፋይ ሲያገኝ የቀኑን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ ወደ ላይ መጫን ይጀምራል። መላኪያው ሲሞላ የእርስዎም ገጽ ጥያቄውን መላክ አቅቶት ይቆማል። ፎቶ መጫኑን ሁሉም ሰው ከተኛ በኋላ እንዲያደርጉት ያስማሙዋቸው።

*

ጋሼ፣ ቦሳ ቂጦ አንድ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች ነን። ዶንግል፣ ያ ሲም የሚገባበት የዩኤስቢ ኢንተርኔት፣ ያለው የኔ ላፕቶፕ ብቻ ነው። ለጓደኞቼ እንዴት ላካፍላቸው? ከዚህ በፊት አንዴ አካፍዬ ያዋጣነው ፓኬጅ ባንድ ሌሊት አለቀ። ማን እንደጨረሰው እስካሁን እንጨቃጨቃለን።

መልስ፦ ጭቅጭቁን ተዉት፣ የጨረሰው ከእናንተ አንዱ ላይሆን ይችላል። ዊንዶውስ ዋይፋይ ሲያገኝ ገደብ የሌለው መስመር መስሎት አፕዴቱን ያወርዳል። ብዙ ላፕቶፕ ሲሆን ብዙ ጊዜ ያወርደዋል። እናንተ ተኝታችሁ።

ማካፈሉ ቀላል ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ኔትወርክና ኢንተርኔት፣ ከዚያ ሞባይል ሆትስፖት። ዶንግልህን ምረጥ፣ ፓስዎርድ ስጥ፣ አብራ። ዊንዶውስ 10 እና 11 እስከ 8 ዕቃ ድረስ ያስተናግዳሉ። ማይክሮሶፍት ይህን ማካፈል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ነው፣ ያኔ በኬብልና በብዙ ላብ ነበር።

ዋናው ሥራ ያለው በጓደኞችህ ላፕቶፕ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው ያንተን ዋይፋይ ከያዙ በኋላ የዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ገብተው ሚተርድ ኮኔክሽን የሚለውን ያብሩ። አንተም በዶንግሉ ላይ አብራው። ያኔ ዊንዶውስ መስመሩ በልክ መሆኑን ያውቅና ትልልቁን አፕዴት ይተወዋል። ያላበራ ላፕቶፕ ፓስዎርድ አይሰጠው፣ ይሄ ሕግ ይሁን። ለአፕዴት የግቢውን ዋይፋይ ተጠቀሙ።

አንድ የምሥራች አለ፣ ብዙ ተማሪ የማያውቀው። ከአንዱ ላፕቶፕ ወደ ሌላው በዚያው ዋይፋይ የሚተላለፍ ነገር ከፓኬጁ አይቀነስም። ቤት ውስጥ ነዋ የሚዞረው። ስለዚህ የትምህርቱን ቪዲዮ አንዳችሁ ብቻ አውርዱት፣ ፎልደሩን ሼር አድርጉት፣ ሌሎቹ ከዚያ ይቅዱ። በቴሌግራም ከተላላካችሁት ግን ወጥቶ ነው የሚመለሰው፤ ስትልኩም ሲደርሳችሁም ይቆጠራል። አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ለአልጋ ተኝተው ፊልም በቴሌግራም የሚላላኩ ልጆች አይቻለሁ።

ያንተ ላፕቶፕ ሲተኛ የሁሉም ኔት ይሄዳል፣ ስለዚህ ቻርጅ ላይ ሲሆን እንዳይተኛ አድርገው። ዶንግሉንም በዩኤስቢ ማስረዘሚያ መስኮት ላይ አውጣው። ቆርቆሮ ክዳን ሥር ካለ ጠረጴዛ ይልቅ መስኮት ላይ የተሻለ ይይዛል። ደግሞም ይህ ሁሉ ላፕቶፕህ ላይ የሚወድቅ ሥራ ነው። ገንዘብ ስታዋጡ የሚቀጥለው ግዢ ሲም የሚቀበል ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ ይሁን። ባትሪም አለው፣ መብራት ሲሄድ እንኳን ይቆያል።

*

እኔና ጎረቤቴ አጥር ነው የሚለየን፣ የምንኖረው ሄርማታ ነው። የኔን መስመር ለሁለት ብንካፈል ብለን ከኔ ቤት ክዳን ወደ እሷ ቤት ክዳን በእንጨት ላይ ኬብል ልናሻግር ነው። ምን ዓይነት ኬብል እንግዛ?

መልስ፦ ምንም ዓይነት። አይሻገር፣ እህቴ። ጅማ ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር እንዴት እንደሆነ ያውቁታል። በክዳን ላይ የተዘረጋ መዳብ መብረቅ ቀጥታ ባይመታው እንኳ አጠገቡ ሲወርድ ኃይሉን ይስባል። ከዚያ በሁለቱም ቤት ያለው ዕቃ አብሮ ይቃጠላል፣ ያኔ ኪሳራውን ማን ይክፈል የሚለው ጉርብትናውን ያበላሸዋል። ራውተሩን ወደ እሷ ቤት ባለው መስኮት ያስጠጉና በዋይፋይ ይሞክሩ። የሚሰጧትም ዋናውን ፓስዎርድ ሳይሆን ራውተሩ ላይ ካለ ጌስት የሚባለውን የእንግዳ ዋይፋይ ይሁን። መስመሩ የተመዘገበው በእርስዎ ስም ነው፣ ፓስዎርድ ደግሞ ከጎረቤት ልጅ ወደ ጎረቤት ልጅ ጓደኛ መሄዱ አይቀርም። የእንግዳውን ሲፈልጉ የራስዎን ሳይነኩ ይቀይሩታል።

የቆጪው አባታችንም ይስሙ፦ የእርስዎ ኬብል በግቢዎ ውስጥና በቱቦ ስለሚሄድ የተሻለ ነው እንጂ ከመብረቅ ነፃ አይደለም። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የኬብሉን ሁለቱንም ጫፍ፣ የስልክ መስመሩንና የራውተሮቹን መብራት ይንቀሉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ መንቀል ነው።