ቃል ለጠፋባቸው እናት

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት እናቴ ከስምንት ወር በፊት በግራ የአንጎላቸው ክፍል ላይ ስትሮክ ደርሶባቸው ቀኝ እጃቸው ዝሏል። የሚነገራቸውን አብዛኛውን ይረዳሉ፤ መናገር ግን አቅቷቸዋል። አሁን የሚኖሩት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ) ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ደግ ሰው ናት፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ሥዕል እያሳየች ነው የምታሠራቸው፣ የእናቴ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። ሰሞኑን «መሻሻል ስላላሳዩ ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) አይከፍልም፣ ሕክምናው ይቋረጣል» ተብለናል። እኔና ወንድሞቼ ልንጠይቃቸው ስንሄድ ምን ብናደርግ ይጠቅማቸዋል? ቡናና ምግብስ ይዘን ብንሄድ?
ሰ. ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እናትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ችግሩ አፌዥያ የሚባለው ይመስላል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቋንቋን የሚያቀናጀው በግራ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ እርሱ ሲጎዳ ሰውየው ሊል የፈለገውን እያወቀ ቃሉ አልወጣ ይለዋል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ይህን ለዓለም ያሳየው፣ የሚባለውን እየተረዳ «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር ምንም ማለት ያልቻለ በሽተኛ አንጎል መርምሮ ነው። ስለዚህ እናትዎን እንደ ሕፃን የሚያባብላቸው፣ ወይም እፊታቸው ቆሞ ስለ እርሳቸው በሦስተኛ ሰው የሚያወራ ጠያቂ ካለ፣ በትሕትና አስቁሙት።

እንግሊዝኛ የማያውቁ እናት በእንግሊዝኛ ሥዕል ሲፈተኑ የሚለካው ሕመማቸው ሳይሆን እንግሊዝኛቸው ነው። ከሜዲኬር ወይም ከሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ከሚሰጠው የመንግሥት ጤና መድን) ገንዘብ የሚቀበል ተቋም በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ይህን በጽሑፍ ጠይቁ። ይሁን እንጂ አስተርጓሚ የባለሙያዋን ቃል ከማስተላለፍ አያልፍም፤ እናትዎ በልጅነታቸው በቃል የያዙትን ለባለሙያዋ ማቅረብ የምትችሉት እናንተ ናችሁ።

ተራ ንግግር እምቢ ባለበት ጊዜ በቃል የተጠና ነገር ብዙ ጊዜ ይወጣል። ከአንድ እስከ ዐሥር መቁጠር፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ማለት፣ «ሀ ሁ ሂ»፣ ክርስቲያን ከሆኑ «አቡነ ዘበሰማያት»፣ ሙስሊም ከሆኑ ፋቲሃ ከእርስዎ ጋር አብረው ይበሉ። ምሳሌያዊ አነጋገርም እንዲሁ ነው፦ «ድር ቢያብር» ብለው ዝም ይበሉና በልብዎ እስከ ዐሥር ይቁጠሩ። ይህ ዝምታ ለልጅ ከባድ ነው፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ እያዩ «አንበሳ ያስር» ብሎ መጨረስ ያምራል፤ ነገር ግን የጨረሱላቸው ቃል የእርሳቸው ልምምድ መሆኑ ይቀራል። ካቃታቸው «አን…» ብለው የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ ያቀብሏቸው። በቦስተን በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው በዜማ የማናገር ሕክምናም ከዚህ አይርቅም። ፊት ለፊት ተቀምጠው ግራ እጃቸውን ይዘው በእያንዳንዱ ድምፅ መታ መታ እያደረጉ «ው-ሃ-ስ-ጪኝ»ን ከፍና ዝቅ አድርገው አብረው ያዚሙት፤ ከዚያ ድምፅዎን ቀስ በቀስ ይቀንሱ። የሚመረጠው ሐረግ በየቀኑ የሚያስፈልጋቸው ይሁን።

ቡናውን በተመለከተ፣ ዕቃው ራሱ ትልቅ ልምምድ ነው። ስኒውን በግራ እጃቸው ያስይዟቸው፤ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መፈተን ግን ያስጨንቃቸዋል። «የት ነው የሚደረደረው? ከምን ይቀዳበታል?» እያሉ ከረከቦቱ ወደ ጀበናው ሲሄዱ ቃሉ በዙሪያው ባሉት ቃላት ተስቦ ሊመጣ ይችላል። መናገር ካልሆነላቸው ሁለቱንም አሳይተው «ቡና ወይስ ሻይ?» ይበሉና በጣታቸው ይምረጡ። አንድ ነገር ደግሞ ለባለሙያዋ ይንገሯት፦ እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «ኧ» እንላለን፤ ይህን የማያውቅ ሰው እናትዎ መልስ ሲሰጡ ትንፋሽ ያጠራቸው ሊመስለው ይችላል።

ስለ መብላትና መጠጣት ግን አደራ እንላለን። ስትሮክ መዋጥንም ስለሚያውክ ምንም ነገር ከማቅመስዎ በፊት ባለሙያዋን ይጠይቁ፤ የመጠጥን ውፍረትና የምግብን ልስላሴ በሚለየው ከ0 እስከ 7 ባለው ደረጃ የትኛው እንደተፈቀደላቸው ትነግርዎታለች። ቡና ቀጭን ፈሳሽ ስለሆነ ማወፈሪያ እንዲጨመርበት ሊታዘዝ ይችላል። ፈንዲሻ ቀላል ቢመስልም በጣም ያንቃል። ጉርሻ ደግሞ፣ ፍቅር መሆኑን ብናውቅም፣ መጠኑና ፍጥነቱ በአጉራሹ እጅ ስለሆነ ለጊዜው ይቅርባቸው። ቀጥ ብለው ተቀምጠው በትንሽ በትንሹ ይቅመሱ፣ ከበሉም በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል አይጋደሙ። ትን ካላቸው፣ ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው ውሃ ያዘለ ከመሰለ ወይም ትኩሳት ከተመላለሰባቸው ወዲያውኑ ለነርሷ ይንገሩ።

የሕክምናውን መቋረጥ በተመለከተ፣ የተሰጣችሁ ምክንያት ብቻውን አይበቃም። በሜዲኬር ሽፋን ላይ የቀረበን ክስ የቋጨውና በ2013 እ.ኤ.አ. በፍርድ ቤት የጸደቀው የጂሞ ስምምነት እንዳረጋገጠው፣ ሜዲኬር የሙያተኛ ሕክምናን የሚሸፍነው በሽተኛው ስለሚሻሻል ብቻ አይደለም፤ ያለውን አቅም እንዲጠብቅ ወይም እንዳይብስበት ባለሙያ የሚያስፈልገው ከሆነም ይሸፍናል። እናትዎ ደግሞ በቋንቋቸው ገና አልተመረመሩም፤ ስለዚህ በቅድሚያ በአማርኛ እንዲመረመሩ ይጠይቁ። ሕክምናው ይቆማል የሚለውን ውሳኔ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የይግባኝ ጊዜው አጭር ስለሆነ ወረቀቱን በደረሰዎት ዕለት ያንብቡት።