ስለ ደመወዝ ወለል (ዝቅተኛ ደመወዝ) ጠይቁኝ፦ ከኮምቦልቻ

ድርና ማግ፦ ሰላም ወገን። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ላይ ሠርቼ፣ ለሠራተኛ ማኅበርም ተደራድሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠይቁ። አደራ፣ መሠረታዊ ደመወዝና አበል ለይታችሁ ጻፉ።

የጦሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ስንት ነው?

ድርና ማግ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ቁጥር አልቆረጠም። የደመወዝ ቦርድ አጥንቶ ይወስን ነው ያለው።

ሸዋበር፦ በወር 3,000 ብር አገኛለሁ። ትርፍ ሰዓቴ ለምን አነሰ?

ድርና ማግ፦ መሠረታዊህስ?

ሸዋበር፦ 1,800። ሌላው የምግብ፣ የትራንስፖርትና ያለመቅረት ጉርሻ ነው።

ድርና ማግ፦ በቃ፣ ተገኘ! በሕጉ አበልና ጉርሻ ደመወዝ አይደለም። የቀን ትርፍ ሰዓት የመደበኛው አንድ ተኩል ነው። ወሩን 208 ሰዓት አድርገህ ካካፈልክ፣ 3,000ው ሙሉ ደመወዝ ቢሆን በሰዓት 21 ብር ከ63 ታገኝ ነበር። አሁን 12 ብር ከ98 ነው። የስንብት ክፍያም ጡረታም ከዚያችው ከትንሿ መሠረታዊ ደመወዝ ነው የሚሰላው። ስለዚህ ቦርዱ ነገ ወለል አውጥቶ አበልን እንደ ደመወዝ ከቆጠረለት፣ ወለሉ የወረቀት ነው። አሠሪውም አይጠቀም። ሠራተኛዋ ልጅ እጇ ማሽን በለመደ ማግስት ለትንሽ ብልጫ ጥላ ትሄዳለች። እንደገና ማሠልጠን፣ እንደገና የተበላሸ ጨርቅ። ይሄ ነው ርካሽ?

ቦርከና፦ ወለል ከወጣ ባለሀብቱ ጥሎ ይሄዳል።

እህተ ወሎ፦ ታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ፣ ለአሜሪካ ያለ ቀረጥ ከመሸጥ ዕድል፣ የወጣነው በደመወዝ ነው እንዴ?

ቦርከና፦ ፖለቲካ አታምጪ!

እህተ ወሎ፦ ባለሀብት ያመጣኸው አንተ ነህ።

ድርና ማግ፦ ኧረ አብሽሩ። ቦርከና ግማሽ እውነት አለው። ለደሴ ሻይ ቤትና ለስፌት ፋብሪካ አንድ ቁጥር ከተቆረጠ፣ ሻይ ቤቱ ልጆቹን ይቀንሳል። በዘርፍና በአካባቢ ይለይ። ግን ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 አለፈ። ደመወዛችን በዶላር ግማሽ ገደማ ሆነ ማለት ነው። ርካሽነት ብቻውን ፋብሪካ ቢያመጣ ኮምቦልቻ ውስጥ መቆሚያ በጠፋ ነበር። መብራት ሲጠፋ፣ ኮንቴነር ጅቡቲ ሲያድር የሚከስረውንም ቁጠሩት እንጂ።

ሐይቅ፦ የሌሊት ትርፍ ሰዓትስ? ግብሩስ?

ድርና ማግ፦ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12፣ አንድ ከሦስት አራተኛ። ግብሩን ሒሳብ ሠራተኛ ጠይቂ።

እንግዳ፦ ደመወዜ ትንሽ ነው፣ ምን ላድርግ?

ድርና ማግ፦ ስንት? የት? ውሉ ምን ይላል? እንዲህ አይጠየቅም።

የጦሳ ልጅ፦ እና ዝቅተኛው ስንት ሆነ?

ድርና ማግ፦ ከላይ መልሻለሁ። አንብብ።

እንግዳ፦ እሺ ጋሼ፣ የእኔ ከነአበሉ 4,000 ነው።

ድርና ማግ፦ ለይተህ ጻፍ አልኩ እኮ!