ጨርቁ የታለ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈራችን ልጅ የውል ረቂቅ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። «ጋሼ፣ ወለድ የሚል ቃል አንድም ቦታ የለበትም፤ ሐላል ነው አይደል?» ይላል። መልስ ልጽፍለት ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።

ጠበቃ ከመሆኔ በፊት እዚሁ ድሬ፣ ፍርድ ቤት ደጅ ታይፕ ይዤ የምቀመጥ ራፖር ጸሐፊ ነበርኩ። የታይፔ «ወ» አትመታም ነበርና በእስክሪብቶ እሞላት ነበር። ያን ቀን ወለድ ብዬ ያልጻፍኩት ግን በእሷ ምክንያት አይደለም።

1986 ዓ.ም. ነው። አንድ ነጋዴና ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ እናት አብረው መጡ። 4,000 ብር ያበድራታል፣ በ8 ወር 5,200 ትመልሳለች። ሰውየው ሰጋጅ ነው፤ ወለድ የሚል ቃል ወረቀት ላይ ማየት አይፈልግም። እኔ ብልጡ ታዲያ «የ5,200 ብር ጨርቅ በዱቤ ተረክቤአለሁ» ብዬ መታሁት። ሴትዮዋ መጻፍ የምትችለው ስሟን ብቻ ነበር። ቢኩን ይዛ ትንሽ ቆየች።

«ልጄ፣ ጨርቅ እኮ አልተቀበልኩም።»

«ለወረቀቱ ያህል ነው እማ፣ ፈርሚ።»

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም የለም፤ የሚቆጨኝ አንቺ ማለቴ አይደለም።

በአራተኛው ወር ታመመች። ሰውየው ከሰሰ። ልጇ ምስክር ይዞ ቀረበ፤ ዳኛው ወረቀቱን አሳዩአት፣ ፊርማው የኔ ነው አለች፣ አለቀ። በጽሑፍ የሰፈረን በሰው ምስክር ማፍረስ በእኛ ሕግ ቀላል አይደለም። የሱቋ መደርደሪያ ሳይቀር ተሸጠ። ገብቼ «እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ጨርቅ አልነበረም» ማለት እችል ነበር። ደጁ ላይ ሻይዬን ጠጣሁ።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ብድር ብዬ ብጽፈው ኖሮ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደርስላት ነበር። ሕጉ የሰው ለሰው ብድር ላይ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይፈቅድም። ለ8 ወር ቢበዛ 320 ብር። 1,200ውን ሕጋዊ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ለአንድ ሸኽ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ አወራኋቸው። «ጨርቁ የታለ?» አሉኝ። ሌላ ምንም። ሸቀጥን በዱቤ ከእጅ በእጅ ዋጋው አስወድዶ መሸጥ አብዛኞቹ ዑለሞች፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ይፈቅዱታል፣ ሸቀጡ ካለ። ብር አበድሮ አስበልጦ መቀበል ግን ሪባ ነው፣ እስልምና የከለከለው ወለድ፤ ሽያጭ ብለህ ብትጽፈው ሂላ፣ ክልከላን ማምለጫ ብልሃት፣ ከመሆን አያልፍም።

እናንተ ደግሞ ውል ከቴሌግራም ትገለብጡና ስም ብቻ ትቀይራላችሁ። አንብቡ አልልም፣ ሕፃን አይደላችሁም። ጻፉ ግን እላለሁ። ከ500 ብር ያለፈ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ ቁርኣንም በአል-በቀራ 282 ዕዳን ጻፉት ይላል። እንዲህ እያልኩ ደግሞ በዕድሜዬ ያየሁት ምርጥ አበዳሪ አንድም ቀን ወረቀት አጽፎ አያውቅም። ደብተር እንኳ አልነበረውም፣ ሲያበድር «ሲደላህ» ነበር የሚለው። እንግዲህ ምን ላድርግ።

ወደ አንተ ልመለስ። ረቂቅህ «ባጃጅ በዱቤ ገዝቻለሁ» ይላል። የሰሌዳ ቁጥር የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ባጃጇን ይዘሃት ና፣ ከዚያ እናወራለን።