ዋንዛው ይቆረጥ ወይስ ይቆይ?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። መምህርት ነኝ፤ ባለትዳርና የሁለት ወንዶች ልጆች እናት። የምንኖረው ባለቤቴ ከአባቱ በወረሰው ሰፊ ግቢ ውስጥ ሲሆን አማቴም ከእኛው ጋር ናቸው። በጓሯችን ሠላሳ የሚሆን እግር ቡና፣ አንድ አቮካዶ፣ ጥቂት እንሰትና ሙዝ፣ እንዲሁም ቅርንጫፉ እስከ ጣራችን የደረሰ ትልቅ ዋንዛ አለ። ዋንዛውን የተከሉት የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ክረምቱ ወጣ ሲባል ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ጥቅምት ሲጠባ ጭንቀት ይይዘኛል። የአገራችንን ዝናብ ያውቁታል፤ መስቀል አለፈ ብሎ አይቆምም፤ አንድ ቀን ፀሐይ አሳይቶ በማግስቱ ይመለሳል። የክረምቱ ጣጣ ሁሉ ተሰብስቦ የሚጠብቀው እኔን ነው። ግድግዳው ሻግቷል። ፍራሹና ብርድ ልብሱ ፀሐይ ይፈልጋል። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። በርበሬው ተሰጥቶ መቀንጠስ አለበት። ቡናው መቅላት ጀምሯል፤ እሱም በአንድ ጊዜ ስለማይደርስ እየተመላለስኩ የቀላውን ብቻ መልቀም አለብኝ። በዚህ ሁሉ ላይ ዋንዛው ነጭ አበባውንና ቅጠሉን ያረግፋል። ጠርጌ ቀና ሳልል መሬቱ ተመልሶ ይለብሳል። አሸንዳው ይደፈንና ውኃው በግድግዳው ይወርዳል፤ የልጆቹ መኝታ ክፍል ኮርኒስ በስብሶ ሊወድቅ ነው።

ባለቤቴን አግዘኝ ስለው «የቀን ሠራተኛ ቅጠሪ» ይለኛል። ትልቁ ልጄ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው፤ አሸንዳውን እንዲያጸዳ ስልከው አማቴ «ልጁ ትምህርቱን ይያዝበት፣ የጓሮ ሥራ የሴት ነው» ብለው መለሱት። አጥር የምንጋራቸው አዛውንት ጎረቤታችን ደግሞ የግቢያቸውን ቅጠል በየጠዋቱ ከአጥራችን ሥር ያቃጥላሉ፤ ጭሱ ባሰጣሁት ቡናና ልብስ ላይ ይተኛል። ሰውዬው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ልናገራቸው አልደፈርኩም።

በቅርቡ አንድ የእንጨት ነጋዴ መጥቶ ዋንዛውን በጥሩ ዋጋ ልግዛችሁ አለን። እኔ ይሸጥ አልኩ። ከቅጠሉም እገላገላለሁ፣ ኮርኒሱንም በገንዘቡ አሳድሳለሁ ብዬ ነው። ባለቤቴ «እንደፈለግሽ» ብሎኝ ወጣ። አማቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ ጋር ቡና አይጠጡም። እኔስ ደክሜያለሁ። ዛፉን ልሽጥ ወይስ ይቅር? አንዳንዱ የቡና ፍሬም ሳይቀላ እየጠቆረብኝ ነው፤ የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ።

ጓሮው የበዛባት፣ ከጅማ

*

እህቴ፣ ዋንዛው አይቆረጥ።

ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ ነጋዴው ሁለተኛ ከመምጣቱ በፊት እንዲደርስሽ ነው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ጠራጊዋ አንቺ፣ ለቃሚዋ አንቺ፣ አስጪዋ አንቺ፣ ቀንጣሿ አንቺ ነሽ። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ሰው ይኖራል፤ የሚሠራው ግን አንድ ሰው ነው። ዋንዛው ነገ ቢወድቅ ሣሩ ይቀራል፣ ሻጋታው ይቀራል፣ በርበሬውና ቡናው ይቀራል፤ አሸንዳውንም አቮካዶው ይደፍነዋል። ያደከመሽ ብቸኝነትሽ ነው፤ ዛፉ የሌላ ሰው ጥፋት ተሸክሞ ሊቆረጥ ነው።

ደግሞም ከሥሩ ያለውን ቡና አስቢ። ቡና መነሻው የእናንተው የደቡብ ምዕራብ ደን ነው፤ በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የለመደ ተክል ነው። በጅማ ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ከዋንዛ፣ ከብርብራና ከሰሳ ሥር ቡና የሚያለሙት ዝም ብለው አይደለም። በጥላ የኖረ ቡና ጥላው በአንድ ቀን ሲነሳበት ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከአቅሙ በላይ ያፈራና ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል። ያን የሚያህል ግንድ ሲወድቅም ከሥሩ ያሉትን የቡና እግሮች ሰባብሮ ነው። የነጋዴው ገንዘብ ለአንድ ኮርኒስ ይበቃ ይሆናል። ዛፉን ለመተካት ግን የልጆችሽ ዕድሜ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ በብርቱ ልቆጣሽ እፈልጋለሁ። ከቡናው ሥር ያለውን ቅጠል ማን ጥረጊ አለሽ? የዋንዛ ቅጠል ሰፊ ነው፤ ቶሎ ይበሰብሳል፣ አፈሩን ያለማል፣ ለመጪው በጋ እርጥበት ይይዛል፣ አረምም ያፍናል። ከዛሬ ጀምሮ መጥረጊያሽ የሚደርሰው በአራት ቦታ ብቻ ይሁን፦ ደጃፉ፣ መተላለፊያው፣ የውኃ መውረጃው ቦይና ቡና የሚሰጣበት ቦታ። ከእነዚህ የተሰበሰበውን ወስደሽ በቡናውና በእንሰቱ ዙሪያ አልብሺው፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ያህል አርቂ፣ እርጥብ ቅጠል ተጠግቶት ሲቆይ ልጡን ያበሰብሰዋል። የጓሮው መሬት ቅጠል ለብሶ ቢታይ ነውር የለበትም። ጓሮ ሳሎን አይደለም።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን የቆመ ውኃ ነው። አንቺ በደብዳቤሽ ውስጥ አላነሳሽውም፤ እኔን ግን ከቅጠሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ጅማ ከፍታዋ ከ1,700 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ አገር ደግሞ ለወባ የተጋለጠ ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜም ዋናው የወባ ወቅት ነው። ዝናቡ ሲሳሳ በከብት ኮቴ፣ በተደፈነ ቦይ፣ ከአሸንዳው ሥር በተቦረቦረ ጉድጓድ የሚቀረው ፀሐይ የሚያገኘው ኩሬ ለወባ ትንኝ መፈልፈያ ይሆናል። ትንኟ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ ግቢውን ዞሮ የቆመውን ማፍሰስ፣ ጉድጓዱን መድፈን፣ ቦዩን መክፈት የግድ ነው። ይህን ለትንሹ ልጅሽ ስጪው። ልጅ ኩሬ ማደን ይወዳል፤ ለምን እንደሚያደርገው ከነገርሽው ደግሞ ይኮራበታል።

አሸንዳው የባለቤትሽና የትልቁ ልጅ ነው። አባት መሰላሉን ይያዝ፣ ልጅ ይውጣ፤ ቆርቆሮው ደርቆ፣ የመብራት ሽቦው በአጠገቡ አለመኖሩ ታይቶ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ዐሥራ አንደኛ ክፍልን አያስጥልም። ኮርኒሱን ከማሳደሳችሁ በፊት የሚያፈሰው ምስማር ይፈለግ፤ ያለዚያ አዲሱም በመጪው ክረምት ይበሰብሳል።

ባለቤትሽን በተመለከተ በቀስታ ግን በግልጽ ልናገር። «የቀን ሠራተኛ ቅጠሪ» ማለት ሥራ መካፈል አይደለም፤ ሠራተኛ ፈልጎ፣ ዋጋ ተነጋግሮ፣ አሠርቶ መክፈልም ራሱ ሥራ ነውና እሱንም በአንቺው ጫንቃ ላይ መጨመር ነው። ለሣሩ ሠራተኛ መቅጠሩ መልካም ነው፤ ፈልጎ ያምጣው፣ ቆሞም ያሠራው። «እንደፈለግሽ» የሚለውም መልስ አይደለም። አባቱ የተከሉትን ዛፍ በተመለከተ ከእናቱና ከሚስቱ መካከል ተነስቶ መውጣት አይገባውም፤ ለነጋዴው «አንሸጥም» የሚለውን ቃል የሚናገረው እሱ ይሁን፣ እናቱ ባሉበት። ይህን በሥራ መሀል ተናድደሽ አትንገሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቁጭ ብላችሁ፣ ከአሁን እስከ ታኅሣሥ ያለውን ሥራ ሁሉ በወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪው። ብዙ ወንድ የጓሮን ሥራ ተጽፎ እስኪያየው ድረስ መጠኑን አያውቀውም።

ወደ አማትሽ ልለፍ። እማማ የተቆጡት ለዛፉ ብቻ አይመስለኝም። ባላቸው በእጃቸው የተከሉትን ሲሸጥ ዝም ብለው ሊያዩ ነበር፤ ማንም «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ አልጠየቃቸውም። ይህ ከባድ ነው። «የጓሮ ሥራ የሴት ነው» ማለታቸው ትክክል አይደለም፤ ግን ይህን በክርክር አታሸንፊውም። ነገ ጠዋት ቡናውን አንቺ አፍዪና «እማማ፣ ዋንዛው አይሸጥም። ቡናውን ግን እንዴት እንደማሰጣው ያሳዩኝ» በያቸው። በጅማ ያረጁ እናት ስለ ቡና ብዙ ያውቃሉ። ኃላፊነቱን ስጫቸው። ልጆቹን ማዘዝ ያለባቸው እሳቸው ሲሆኑ «ልጁ ትምህርቱን ይያዝ» የሚለው ነገር ይቀንሳል።

የስጩ ቦታ መሬት አይሁን። መሬት ላይ የደረቀ ቡና የአፈር ጠረን ይይዛል፣ ይሻግታልም። ባለቤትሽ በአራት ቋሚ እንጨት ላይ ወገብ የሚደርስ አልጋ ይሥራ፤ በላዩ ሽቦ ወይም ሰሌን ይዘርጋበት። ቀዩ ፍሬ ከ4 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይሰጣ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ይገላበጥ፣ ሲመሽና ሲደምን ይሸፈን። የተለያየ ቀን ለቀማ አይቀላቀል፤ የደረቀው እርጥቡን ሲያገኝ ይበላሻል። እንደ ፀሐዩ ሁኔታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ጀንፈሉን ይዘሽ ስትነቀንቂው ውስጡ ከተንኳኳ ደርሷል። እማማ በአጠገቡ ወንበር ይዘው ተቀምጠው ቢያገላብጡት፣ ዶሮውንም ቢከላከሉ፣ ግማሹ ሥራ ከአንቺ ላይ ወረደ ማለት ነው።

ጭሱም ያሳስበኛል፤ ቡና ጠረን ፈጥኖ የሚይዝ ነገር ነው። ለጎረቤትሽ ግን ስለ ጭሱ አንዲት ቃል አትናገሪ። ቡና ጠጡ ብለሽ ጥሪያቸው፣ ከእማማ አጠገብ አስቀምጫቸው፤ ከዚያ «አባባ፣ የግቢዎን ቅጠል ለቡናዬ ይስጡኝ፣ ልጆቼ መጥተው ይወስዱታል» በያቸው። ትልቅ ሰው ስጡኝ ሲባል ደስ ይለዋል፤ አታቃጥሉ ሲባል ያዝናል። ልጆቹ በየቅዳሜው በማዳበሪያ ከረጢት ያመጡታል፤ የሚቃጠልም ነገር አይኖርም። በዚያው ቀን በሁለታችሁ መካከል የሚያልፈውን ቦይ በደቦ ብታጸዱት ደግሞ የእሳቸውም ግቢ ይደርቃል።

ሻጋታው ቀላል ነው፦ ግድግዳውን በሳሙና ውኃ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ፣ ኖራ ቀቡት። አሸንዳው እስኪስተካከል ግን አትድከሙ።

ዋንዛው ጣራውን መንካቱን እኔም አልወደድኩትም። ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ ጥር ላይ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው አምጥታችሁ በቆርቆሮው ላይ ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ብቻ አስቆርጡ፤ መሀሉንም ትንሽ አሳሱት። የአሸንዳው ችግር በብዙ ይቀልላል፣ ነፋስም ወደ ቡናው ይገባል።

ነፋስ መግባቱ ለጠየቅሽኝ የጠቆረ ፍሬም ይጠቅማል። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ጠቆር ያለ ጎድጓዳ ነጥብ አውጥቶ ከጠቆረ፣ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1963 ዓ.ም. ገደማ የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ሊሆን ይችላል። ፈንገስ ነው፤ እርጥበትና ቅዝቃዜ ይስማማዋል። የጠቆረውን ከዛፉም ከመሬቱም ለቅመሽ ቅበሪው፤ ከደህናው ጋር አታስጪው። በሽታው የጥቂቶቹን እግሮች ፍሬ እየነካካ በየዓመቱ የሚመለስ ከሆነ እነዚያ እግሮች የማይቋቋሙት ዓይነት ናቸው። ከከተማችሁ አጠገብ በመልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያወጣው ለዚሁ ነው፤ 74110 እና 74112 የሚባሉት ከነዚያ ውስጥ ናቸው። የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠርተሽ ፍሬውን አሳዪው። መተካት አለበት ካለሽ ጉድጓዱ በበጋው ተቆፍሮ ይቆይ፤ ችግኙ የሚተከለው በሰኔና በሐምሌ ነው።