መልስ፦ ገጸ ባሕርያት 20ኛ ደረጃ ከደረሱ በኋላ

ወንድሜ፣ «ልጆቹ 20ኛ ደረጃ ደረሱ፤ ከዚህ በላይ እንዴት ላሳድጋቸው?» ብለሃል። በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (እንደ እኔና እንደ አንተ ያለ መሪ ታሪኩን እያዘጋጀ፣ ሌሎቹ ገጸ ባሕርይ ይዘው በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ) አምስተኛ እትም (እ.ኤ.አ. የ2014ቱን ማለቴ ነው) 355,000 የልምድ ነጥብ ላይ ደረጃው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ከፈለግህ በየ30,000 ነጥቡ አንድ ልዩ ጸጋ ትሰጣለህ። እስከ 30ኛ ደረጃ የሚዘልቀው አራተኛው እትም ነበር።

የሚያስቸግረው ግን ነጥቡ አይደለም። እኛ ጅማ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየተፈላ እንጫወታለን። አስማተኛችን 17ኛ ደረጃ ደርሶ ዘጠነኛው፣ ማለትም ከፍተኛው እርከን አስማት ሲከፈትለት፣ ሦስት ሳምንት በደከምሁበት ምሽግ ላይ የእሳት ድንጋይ አዘነበ። ጉዳቱን ለመቁጠር አርባ ዳይስ መጣል ነበረበት፤ ያለን ስድስት ብቻ! ሰባት ጊዜ እየሰበሰበ ጣለ፤ አንዷ ረከቦት ሥር ገብታ ፈለግናት። አቦሉ ሳያልቅ ምሽጉ አለቀ።

ስለዚህ የጠላትን ጉልበት ብቻ አታብዛ፤ ውጊያው ይንዛዛል እንጂ አይከብድም። በአስማት የማይፈርስ ጣጣ ስጣቸው፦ በአንድ ሌሊት ሁለት ከተማ ይከበብ፣ ወይም ያነገሡት ንጉሥ ይክዳቸው። እኛን ለአራት ቅዳሜ ያከራከረን የዘውድ ወራሽ ጉዳይ ነው፤ አንድም ዳይስ አልተጣለበትም።